የዘገየው መርዶ

ሰው ማስለቀስ እችልበታለሁ። ለጉራ አይደለም፤ ከእናቴ የወረስኩት ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። እናቴ በደብረ ታቦር አካባቢ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። የማታውቀውን ሟች ስሙንና የአባቱን ስም ብቻ ጠይቃ ሙሾ ስታወርድ፣ ከሟቹ ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ጎረቤት እንኳ ደረቱን ይደቃ ነበር። እሷ ራሷ ግን አታለቅስም። አልቃሽ ካለቀሰ ማን ያስለቅሳል፣ ትል ነበር። እኔም የአለምወርቅ ይኸው ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሃያውን ዓመት ጆሃንስበርግ ውስጥ ልብስ ስሰፋ አሳለፍኩ፤ ዓይኔም እንደ እሷ ደረቅ ነው።

ታምሩ ባለፈው ጥቅምት ዮቪል ሰፈር ቤቴ ድረስ መጥቶ ተውኔት ልናሳይ ነው ሲለኝ ሳቅኩበት። አገር ቤት የቴአትር መምህር ነበር፤ እዚህ ጀፕ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ ያከፋፍላል። ሳቄን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ራሱ የጻፈው ተውኔት ነው፣ የደም ነገር። አንድ ሰው ባልንጀራውን በተንኮል ያስገድላል። የሟች ወንድም ደሙን ሳልመልስ አላለቅስም ብሎ ይምላል። በመጨረሻ ገዳዩ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል። ሬሳው በሌለበት እንደ ወጉ የሟች ልብስ ተዘርግቷል። አልቃሿ ሙሾዋን ስትጨርስ ወንድምየው ጩቤውን መዝዞ ገዳዩን እዚያው ልብሱ ላይ ይጥለዋል። በዚሁ ያልቃል።

«እዚህ አገር ሰው ሬሳ ኤርፖርት ሸኝቶ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይከፍታል» አለኝ ታምሩ። «እርሙን የሚያወጣበት ጊዜ የለውም። መድረክ ላይ ያለው ሲያለቅስ ግን፣ ቁጭ ብሎ የሚያየውም የራሱን ሟች አስታውሶ ያወጣዋል።»

እውነቱን ነው። በእኛ ዘንድ ሟቹን በወጉ አልቅሶ እርሙን ያላወጣ ሰው ሙቱን ተሸክሞት ይዞራል። ያ ሸክም ወይ ያሳብደዋል ወይ ያስገድለዋል። ስለዚህ ልብሱን ልሰፋ፣ አልቃሿንም ልሆን ተስማማሁ። ከዚያ ማን ማን እንደሚጫወት ጠየቅኩት። ወንድምየውን አየነው፣ ገዳዩን ሠረቀብርሃን አለኝ። መቀሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አብደሃል ወይ አልኩት። ሁለቱም በገዛ ፈቃዳቸው እንደመጡ ነገረኝ። ሠረቀብርሃን የመጣው ሰው ስለራቀው፣ እንደገና ሰው መሀል ለመቆም ብሎ ነው። አየነው የመጣው ደግሞ የሠረቀብርሃንን መመረጥ ከሰማ በኋላ ነው።

ለምን እንደደነገጥኩ ለማያውቅ ሰው ልንገር። አየነው ዮአብ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ዮአብና ሠረቀብርሃን ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ አንድ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ በሽርክና ይሠሩ ነበር፤ የሚያድሩትም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ ሠረቀብርሃን በሌለበት በአንዲት ማታ ሰዎች ገብተው ዮአብን ገደሉት። በሩ አልተሰበረም። ገዳዮቹም እስከ ዛሬ አልታወቁም፤ ፖሊስ ለአየነው የሰጠው አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው።

አስከሬኑ ወደ አገር ሲሸኝ አየነው አላለቀሰም። ሰው ሁሉ እየሰማ የወንድሜን ደም ሳልመልስ እርሜን አላወጣም አለ። ጸጉሩን አልተላጨም፣ ጥቁር አልለበሰም፣ ለቅሶም አልተቀመጠም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ግን ወጊው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ ፊቱ የቆመውን ሰው ያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቁን ለአንዲት ማታ ጥሎ የማያውቅ ሰው ያን ዕለት ለምን ሄደ? ሠረቀብርሃን የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር። የልብስ ስፌት ማሽን መጠገን ይችላል፤ እትዬ የአለም ማሽኔ ቆመብኝ ብላ ራሷ መጥታ ወሰደችኝ፣ እሷ ቤት አደርኩ ይላል። አየነው መጥቶ ጠየቀኝ። ጠርተሽው ነው ወይስ ራሱ መጥቶ?

«እሱ ራሱ ነው የመጣው» አልኩት።

አራት ቃል ናት። አየነው አመስግኖኝ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠረቀብርሃን በእሱ ዘንድ የሞተ ሰው ነው፤ የቀረው ቀኑ ብቻ ነበር።

እኔ ነኝ የጠራሁት። ያን ዕለት ጠዋት የሠረቀብርሃን አባት አገር ቤት ማረፋቸው ተሰማ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሱቅ መሀልም አይነገርም። ባለ መርዶው በሰበብ ተጠርቶ ከአንድ ቤት ያድራል፤ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ደርሰው ይነግሩታል፤ ያን ጊዜ ራሱን እንዳይጎዳ ወገቡን የሚይዝ፣ እጁን የሚይዝ ሰው በዙሪያው አለ። ወጋችን ይኸው ነው፣ ደግ ወግ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ዓብዩ የአለምወርቅ ትጥራው፣ የማሽን ነገር ካነሳችበት አይጠረጥርም አሉ። እኔም ታክሲ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ስደርስ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሐምሌ እዚህ ክረምት ነው፣ ቶሎ ይጨልማል፤ በዚያ ላይ ሎድ ሼዲንግ የሚሉት፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ሰዓት ነበርና ሰፈሩ በሙሉ ዓይኑ ጠፍቷል። ሠረቀብርሃን መፍቻዎቹን ይዞ መኪናውን ሊያስነሳ ወጣ። እኔ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ በዚህ በኩል፣ ዮአብ በዚያ በኩል ቀረን። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በፍርግርጉ ቀዳዳ አንድ ነጭ ሻማ አወጣልኝ።

«ጨለማ ነው፣ ይቺን ያዢ እትዬ» አለኝ። «ለመመለሻሽ።»

ከእኔና ከእሱ በቀር ይህን የሰማ ሰው አልነበረም። ያን ማታ ሠረቀብርሃን ማሽኔን ፈታትቶ ምንም አልሆነም እኮ እትዬ እያለ ሲገረም እኔ እንቅልፌ መጣ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሊነጋጋ ሲል የመጡት ሽማግሌዎቹ አልነበሩም፤ የጋሽ ዓብዩ ስልክ ነው። ዮአብ ተገድሏል አሉኝ። ሁለት ሞት በአንድ ሰው ላይ አንጭንም፣ የአባቱን ነገር ለሳምንት እናቆየው አሉ። አየነው ቢጠይቅሽም ጠራሁት አትበይ፤ ለምን ጠራሽው ይልሻል፣ ከዚያ መርዶው ሾልኮ ይወጣል አሉ።

ሳምንቱ ወር ሆነ። መስቀል ይለፍ ተባለ፣ ገና ይለፍ ተባለ፣ ጥምቀት ይለፍ ተባለ። ሠረቀብርሃን አገር ቤት ሲደውል አባትህ ጸበል ገብተዋል ይሉታል። ምን ዓይነት ጸበል ነው ሰባት ወር የሚያስቀምጥ? እሱ ግን ያምናል፤ እንዲያውም አንድ ቀን ጸበሉ ይዟቸዋል መሰለኝ ብሎ ደስ ብሎት ነገረኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ደጄ ቆሞ ለምን እንዲህ አልሽብኝ እትዬ አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚሉትን ሰዎች ያን ጊዜ ባገኛቸው እሰድባቸው ነበር። ሻማውን አልለኮስኩትም፣ አልጣልኩትምም። ከማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ልምምዱን የምናደርገው ጀፕስታውን ውስጥ ከአንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ድሮ ልብስ ይሰፋበት የነበረ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ሲሄዱ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቻቸውን ጥለዋቸው ሄደዋል፤ የሰው ቁመት ያላቸው፣ ጭንቅላት የሌላቸው። ታምሩ ሲያያቸው እንደ ልጅ ደስ አለው። ለለቅሶው ትዕይንት ሰው ስላነሰን በአሻንጉሊቶቹ ላይ ጥቁር ነጠላ ጣል አድርገን እንደ ለቀስተኛ እናቆማቸዋለን አለ። አስራ አንድ ነበሩ። አስራ አንድ ጥቁር ነጠላ ዘምዝሜ አመጣሁ። ከኋላቸው ደግሞ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፤ ኢዮኤል የሚባል ልጅ ከአንሶላው ጀርባ ሆኖ የሟቹን መንፈስ ድምፅ ያሰማል። የተሰጠው አንዲት አረፍተ ነገር ናት፤ ደሜ ይጮኻል ማለት።

አየነው ሲጫወት ማየት ያስፈራ ነበር። ሌሎቻችን እንረሳለን፣ እንስቃለን፣ ውሃ እንጠጣለን። እሱ አይስቅም። ጩቤው የእንጨት ነው፣ የቆዳ አፎት ሰፍቼለታለሁ። ሠረቀብርሃን ከልብሱ ፊት ተንበርክኮ አንገቱን ሲደፋ አየነው ከጀርባው ቆሞ ይመለከተዋል፤ ሰው ቦታ የሚመርጥበት አስተያየት ነው። ታምሩ ግን እግዚአብሔር የሰጠኝ ተዋናይ ነው እያለ እጁን ያፋትጋል። ሞኝ ነው ታምሩ፤ ሁሉ ነገር ተውኔት ይመስለዋል።

ኅዳር ላይ በአንዱ እሑድ የለቅሶውን ትዕይንት ስንለማመድ እኔ ሙሾዬን ጨረስኩ፣ ኢዮኤልም ከአንሶላው ጀርባ ደሜ ይጮኻል አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ለደንበኛ እንደሚናገረው፣ ጨለማ ነው፣ ይቺን ያዢ እትዬ አለ።

ወደ አንሶላው ዞርኩ። ታምሩ ምን ሆንሽ አለኝ። ሄጄ አንሶላውን ገለጥኩት። ኢዮኤል ስልኩን እየነካካ ቁጭ ብሏል፤ ምንም አላልኩም ብሎ ማለ። ደክሞኛል አልኩና ቁጭ አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ኢዮኤል ጉንፋን ይዞት ቀረ፤ መንፈሱን ለዛሬ እንዝለለው አለ ታምሩ። ሙሾዬን ስጨርስ ማንም ከሌለበት ከአንሶላው ጀርባ ያ ድምፅ ለመመለሻሽ አለ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሌላ የሰማ ሰው የለም። አየነው ብቻ ወደ አሻንጉሊቶቹ አቅጣጫ አንገቱን አዙሮ እንደበረደው ሰው ትከሻውን ሰበሰበ። እኔም ነጠላ የለበሱትን ለቀስተኞች ቆጠርኩ። አስራ ሁለት ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ገልጬ ቆጠርኩ፤ አስራ አንድ።

ለንስሐ አባቴ መንገር ነበረብኝ፤ ፈራሁና ጥምቀት እንዳለፈ ለጋሽ ዓብዩ ነገርኩ። ድምፁን አልነገርኳቸውም፣ ያበደች ይሉኛል። ሁለቱ ልጆች ሊጠፋፉ ነው፣ መርዶውን እንንገር አልኳቸው። ጋሽ ዓብዩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስንት ሬሳ ሸኝተዋል፣ ስንቱን አስታርቀዋል። ግን አንድ ጊዜ የዘገየ መርዶ ለተናጋሪውም ያስፈራል። አሁን ብንነግረው ሰባት ወር ቀበራችሁብኝ አይለንም ወይ አሉኝ። እሱ ብቻ አይደለም፤ ዮአብ ብቻውን የቀረው በእኛ ምክንያት ነው ይባላል አሉ። ከፋሲካ በኋላ እንንገረው አሉና ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

ተውኔቱ የሚታይበት ቀን ደረሰ፣ የጥር መጨረሻ እሑድ። ሕዝቡ የሚገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ እኔ በሰባት ሰዓት ሄጄ ልብሱን መተኮስ ጀመርኩ። የአየነውን ቀበቶ ሳነሳ ከበደኝ። አፎቱን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። በጥቁር ክር የሰፋሁት ስፌት ከውስጥ በኩል ተቆርጧል፤ ጫፉ ላይ አምስት ጥልፍ ያህል ተበጥሷል። የእንጨት ጩቤ ክር አይቆርጥም። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የቆረጥኩ ሴት ነኝ፣ ስለት የበጠሰውን ክር ሳየው አውቀዋለሁ። መዝዤ አየሁት፤ የሥጋ ቤት ቢላዋ ነው፣ እጀታው በእንጨቱ ጩቤ እጀታ ቀለም ተቀብቷል።

ቀና ስል አየነው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አፎቱ ተቀዷል» አልኩት።

«ስፊልኝ እትዬ» አለኝ፣ በትሕትና። «ለዛሬ ብቻ ነው።»

ሰፋሁለት። ሰው ይፍረድብኝ። ቢላዋውን ልጥልበት አስቤ ነበር። ነገር ግን ዛሬ ባስጥለው ነገ ጀፕ መንገድ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ሜይፌር ሰፈር ያገኘዋል። ለታምሩ ብነግረው ትርኢቱ ይቀራል፣ የአየነው መሐላ ግን አይቀርም። ሠረቀብርሃንን ከሞት የምታድነው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እሷም የእኔ አፍ ውስጥ ናት። እሷን ከተናገርኩ ደግሞ በዚያው ቅጽበት አባቱን እገድልበታለሁ፣ አየነውም ወንድሙ ለምን ብቻውን እንደቀረ ያውቃል። ቢላዋው ያን ጊዜ ወደ ማን እንደሚዞር አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለሕይወቴ ፈራሁ።

አዳራሹ ሞላ። ከፊት ወንበር ላይ ጋሽ ዓብዩ ተቀምጠዋል። መስኮቶቹ እንዲጨልሙ ታምሩ ጥቁር ላስቲክ ለጥፎባቸዋል፤ ጥር እዚህ የዝናብ ወቅት ነውና ከውጭ ነጎድጓድ መጉረምረም ጀምሯል። የመጀመሪያው ክፍል ደህና ሄደ፣ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ለቅሶው ላይ ደረስን። አሻንጉሊቶቹ በነጠላቸው ቆመዋል። የሟች ልብስ መሀል ተዘርግቷል። ሠረቀብርሃን መጥቶ ከልብሱ ፊት ተንበረከከ፤ አየነው ከጀርባው ቆመ፣ እጁ ቀበቶው ላይ ነው። እኔ ወደ ፊት ወጣሁና ታምሩ የጻፈልኝን ጀመርኩ።

ልብሱን አነጠፉት፣ ባለቤቱ የት ነው፤
ወንድም ያለው ሰው ነው ደሙን የሚመልሰው።

ከፊት ያሉት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ሌላ ሁለት ስንኝ ነበር የቀረኝ፤ ከዚያ አየነው ይመዝዛል። በዚህ መሀል ነጎድጓዱ ሕንጻውን አንቀጠቀጠውና መብራት ድርግም አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ የተውኔቱ አካል መስሏቸዋል። በጨለማው ውስጥ የአየነው ቢላዋ ከአፎቱ ሲወጣ ሰማሁት፤ የሰፋሁት ክር እንደገና ሲበጠስ ሰማሁት ብል ይሻላል። ከአሻንጉሊቶቹ በኩል ደግሞ፣ ከጆሮዬ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ያ ድምፅ መጣ። ጨለማ ነው፣ ይቺን ያዢ እትዬ። ለመመለሻሽ።

የያዝኩት ነገር አልነበረም። ግን አፌ ተከፈተ።

ከሱቅ የጠራሁት እኔ ነኝ በውሸት፤
ያባቱን መርዶ ነው የሸሸግሁት ከቤት።

ሠረቀብርሃን ሆይ፣ አባትህ ካረፈ
ክረምቱም ወጣና መስከረም አለፈ።

ዮአብ ሻማ ሰጥቶኝ ጨለማ ወረሰው፤
ዝም ያለው አፌ ነው ወንድም ያናከሰው።

አንድ ሁለት ሰው የስልክ መብራት አበራ። አየነው ቢላዋውን ይዞ ከሠረቀብርሃን አንገት በላይ ቆሟል፤ የሚያየው ግን እኔን ነው። ሠረቀብርሃን ከተንበረከከበት ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋጤ አይደለም፤ ሊያርመኝ የፈለገ ሰው ይመስል ነበር።

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ እኮ ጸበል ነው።»

«አይደለም ልጄ» አልኩት።

ወደ ጋሽ ዓብዩ ዞረ። ጋሽ ዓብዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ያን ጊዜ ሠረቀብርሃን አባዬ ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ አሁን ሳስበው እንኳ ጸጉሬን ያቆመዋል። ተነስቶ ግንባሩን ከሲሚንቶው ምሰሶ ጋር ሊያላትም ተወረወረ።

መርዶ ሲነገር ቅርብ ያለ ሰው ባለ ሐዘኑን ይይዛል። ይህን ማንም አያስተምርም፤ ከልጅነት ጀምሮ እጅ ላይ ያለ ነገር ነው። ቅርብ የነበረው አየነው ነው። ቢላዋው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። አየነው ሠረቀብርሃንን ወገቡን ከኋላ አቅፎ ያዘው፣ አብረው ወደቁ፣ ልብሱ ላይ። ሠረቀብርሃን ሊያመልጠው ይታገላል፣ እሱ አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ ይለዋል። ወንድሜ ካለ በኋላ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ዮአብ አለ። ሰባት ወር ያልጠራውን ስም አንድ ጊዜ ጠራውና መላ አካላቱ ተንዘፈዘፈ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ሰው ወንበር እየረገጠ ወደ መድረኩ ወጣ፤ የገዛ ሟቹን እየጠራ የሚያለቅሰው ብዙ ነበር። ታምሩ ጥግ ይዞ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። እኔ መሀል ቆሜያለሁ። ማንም ሰው እኔን አልያዘኝም፣ የሚያስይዝም ነገር አልነበረብኝም፤ ዓይኔ ደርቆ ነበር። አሻንጉሊቶቹን ቆጠርኩ። አስራ አንድ ናቸው።

ሠረቀብርሃን ሜይፌር የአጎቱ ልጅ ቤት ሐዘን ተቀመጠ። ሁለት ቀን ደጁ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባሁ። በሩ አጠገብ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውሃ የሚያዞረው ሰው እኔን ዘሎኝ አለፈ። አልተቀየምኩም። ሠረቀብርሃን ግን ከፍራሹ ላይ ሆኖ አየኝና ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። አጠገቡ አየነው ተቀምጧል። ጸጉሩን ተላጭቶ ጥቁር ለብሷል። ከተውኔቱ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም አሉ። ለእኔ ግን ቃል አልተነፈሰልኝም፤ ቢላዋ ይዞ ካየኝ አስተያየት ይልቅ ያ ዝምታው አመመኝ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ መጣ፣ መብራቱም ሄደ። ሰው የቤቱን ሻማ ፈልጎ ለኮሰ። እኔ ልሄድ ተነሳሁ፤ የሚያስቀረኝም አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ እንደደረስኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አየነው ነው። ፊቱ በጨለማው አይታይም። በእጁ አንድ ነጭ ሻማ ይዟል፣ ያልተለኮሰ።

«ጨለማ ነው» አለኝ። «ይቺን ያዢ እትዬ። ለመመለሻሽ።»

ሙሾዬ ላይ ሻማ ብያለሁ፣ አዎን። ይህን ቃል ግን አላልኩም፤ ለማንም ብዬ አላውቅም። ማን ነገረህ አልኩት። ምኑን አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ሻማውን ተቀበልኩት። ከዚያ ኮሪደሩ ውስጥ የሴት ጩኸት ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። የእኔ ነበር። ግድግዳው ላይ ከመውደቄ በፊት አየነው ወገቤን ይዞኝ ነበር።